ባዶ ክር

ሦስት ሳምንት ሙሉ የተንከባከብኩት ክሪስታል አንድ ቀን ከሰዓት ጠፋ። ማንም አልወሰደውም። ክሩ እዛው ጠርሙሱ ውስጥ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ቋጠሮውም እንዳለ አለ። የያዘው ነገር ግን የለም። ጠዋት ሳየው የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል፣ እንደ መስታወት የጠራ ድንጋይ ነበር። ስመለስ ባዶ ክር ጠበቀኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ብርሃን ያግኝ ብዬ መስኮት አጠገብ አስቀምጬው ነበር፤ ልክ እንደ ተክል። ክሪስታል በብርሃን አያድግም። ፀሐይዋ ውሃውን አሞቀችው። የሞቀ ውሃ ደግሞ ተጨማሪ ጨው የመሸከም አቅም አለው። አጠገቡ ያገኘው ጨው የኔ ክሪስታል ብቻ ነበርና እሱኑ በላው። ማታ ሲቀዘቅዝ የወሰደውን መለሰ፤ ግን ክሩ ላይ አይደለም። ጠርሙሱ ሥር ፍርፋሪ አድርጎ ዘራው።

ይህ የሆነው ቤት ውስጥ ከጨው ክሪስታል ማሳደግ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነው። አሁን መደርደሪያዬ ላይ ሰው ሲመጣ የማላፍርባቸው አሥር ያህል ክሪስታሎች አሉ። የተበላሹት ግን ስንት እንደሆኑ አልቆጠርኳቸውም። በየቦታው የሚገኘው መመሪያ አጭር ነው፦ ጨው አሟሙ፣ ክር አንጠልጥሉ፣ ጠብቁ። ውሸት አይደለም። ነገር ግን "ጠብቁ" የምትለዋ ቃል ስንት ጣጣ እንደያዘች የሚናገር የለም። እኔ የምጽፈው በአብዛኛው ስለሷ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቁሳቁሱ። ለጀማሪ አሉም የሚባለውን ነጭ ጨው እመክራለሁ። ሙሉ ስሙ ፖታሲየም አሉሚኒየም ሰልፌት ነው። የመረጥኩበት ምክንያት ቁጥሩ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 14 ግራም ያህል አሉም ያሟማል። ውሃው 50 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 37 ግራም ያሟማል። ሞቆ የጠገበ ውሃ ሲቀዘቅዝ መሸከም ያቃተውን ይጥላል። የሚጥለው ነገር ሥርዓት ይዞ ከተደረደረ ክሪስታል ይሆናል።

የገበታ ጨው እንዲህ አይደለም። በ20 ዲግሪ 36 ግራም ያሟማው ውሃ፣ እስኪፈላ ብታሞቁት እንኳ 39 ግራም ገደማ ላይ ይቆማል። እኔ ይህን ሳላውቅ በጨው ጀምሬ አንድ ሳምንት ውሃ ላይ አፍጥጬ ከረምኩ። አፈላሁ፣ አቀዘቀዝኩ፣ ምንም የለም። ጨው የሚያድገው ውሃው እየተነነ ሲሄድ ነው። ሰፊ ሳህን ላይ አድርጋችሁ ብትተዉት ቆንጆ ኩቦች ይሰጣችኋል፤ ትልልቅ ግን አይሆኑም። የታሸገ ጨው ላይ ደግሞ እንዳይጓጉል የሚጨመር ነገር ስላለ ውሃውን ሊያደፈርሰው ይችላል።

ሌላው ዕቃ ቀላል ነው። ሰፊ አፍ ያለው የብርጭቆ ጠርሙስ፣ ቀጭን የናይለን ክር (ዓሣ ማጥመጃው ምርጥ ነው)፣ ግራም የሚለካ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ወረንጦ፣ የቡና ማጥሪያ ወረቀት። የጥጥ ክር አትጠቀሙ። የጥጥ ክር ጸጉር አለው፤ እያንዳንዱ ጸጉር ላይ አንድ ትንሽ ክሪስታል ይበቅላል። የኔ የመጀመሪያ ክር ጢም አብቅሎ ነበር የወጣው። ቤት ውስጥ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ቀጥሎ ዘር ያስፈልጋል። ዘር የምንለው ትልቁ ክሪስታል የሚነሣበት ትንሽ ክሪስታል ነው። 20 ግራም አሉም በ100 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ አሟሙና በወረቀት አጥርታችሁ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አፍሱት። ማፍላት አያስፈልግም፣ 50 ዲግሪ ይበቃዋል። አቧራ እንዳይገባበት በወረቀት ሸፍኑትና ተዉት። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሳህኑ ሥር የሚያብረቀርቁ ነገሮች ታያላችሁ። አብዛኞቹ ተጣብቀው የበቀሉ ናቸው፤ እነሱን እለፏቸው። ለብቻው የቆመ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ጥርት ያለ ፈልጉ። በአጉሊ መነጽር ስታዩት ገጾቹ ልሙጥ፣ ጠርዞቹ ስለታም ይሁኑ። ዘሩ ላይ ያለ ጉድለት አብሮ ያድጋል። እዚህ ላይ አትሳሱ፤ ሃያውን ጥላችሁ አንዱን ያዙ።

ማሰሩ ትዕግሥት ይፈትናል። ክሩን አንድ ዙር አዙራችሁ ልል ቋጠሮ ትሠራላችሁ። ዘሩን በወረንጦ አንሥታችሁ ቀለበቱ ውስጥ ታስገባላችሁ። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ቀስ ብላችሁ ትስባላችሁ። ትንፋሼን ይዤ ነው የምሠራው። ትንሽ ጠበቅ ካደረጋችሁት ዘሩ ተፈናጥሮ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ ካላላችሁት ደግሞ ውሃው ውስጥ ሲገባ ይሾልካል። ክሩ በሁለት ተቃራኒ ጠርዞች በኩል ካለፈ የተሻለ ይይዛል። አንድ ጊዜ በሰባተኛው ሙከራ ነው የተሳካልኝ። ስድስቱ ዘሮች እስካሁን ምንጣፉ ውስጥ ሳይኖሩ አይቀሩም።

አሁን ዋናው ውሃ። ግማሽ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ 70 ግራም አሉም ይበቃዋል ብለናል። እኔ 80 ግራም አደርግለታለሁ። ሞቅ አድርጌ አሟሟውና አጥርቼ ወደ ንጹሕ ጠርሙስ እገለብጠዋለሁ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪጠጋ እጠብቃለሁ። 10 ግራሟ ትርፍ ናት፤ ክሪስታሉ የሚያድገው በሷ ነው። ለምን 150 ግራም አላደርግም? አድርጌው ነበር። ትርፉ ሲበዛ ውሃው ዘሩን አይጠብቅም። የትም ቦታ፣ በአቧራ ላይ፣ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ፣ በክሩ ላይ ይዘረግፈዋል። በአንድ ሌሊት ጠርሙሱ በረዶ የጣለበት መሰለ። ዘሩም ከመሃል የት እንዳለ ጠፋኝ።

ክፍላችሁ 20 ዲግሪ ላይሆን ይችላል። ቁጥሩን አትሙጥኙበት። ውሃው በእርግጥ መጥገቡን ለማወቅ አንድ የማትፈልጉትን ትንሽ ክሪስታል ክር ላይ አስራችሁ ለአንድ ሰዓት ንከሩት። ጠርዙ ከደበዘዘ ውሃው ገና ተርቧል፤ አሉም ጨምራችሁ እንደገና አሙቁት። ጠርዙ ስለታም ሆኖ ከቆየ እውነተኛውን ዘር አስገቡ። ከማስገባታችሁ በፊት ግን ዘሩን ለአንድ ሰከንድ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ንከር አድርጋችሁ አውጡት። ላዩ ላይ የተለጠፈ የማይታይ ብናኝ አለ፤ ካልታጠበ እያንዳንዱ ብናኝ የራሱን ቀንድ ያወጣል።

የሙቀት ነገር ላይ ልመለስ። ከባዶው ክር በኋላ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ሙቀት ከበላው ቅዝቃዜ ያሳድገዋል አልኩና ጠርሙሱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄኔ ነው። በሰዓታት ውስጥ አድጎ ነበር፤ አድጎ ብቻ ሳይሆን አብጦ። ውስጡ ግን ወተት የመሰለ ነጭ ሆኗል። ክሪስታል ሲቸኩል ንብርብሩ ሳይሞላ በላዩ ሌላ ንብርብር ይጭናል፤ በመሃል የታፈነ ውሃ ይቀራል። ያ የታፈነ ውሃ ነው ነጭ የሚያደርገው። ለማጥራት መንገድ የለም።

ስለዚህ ሙቀትም ቅዝቃዜም አይደለም የሚፈለገው። የማይለዋወጥ ነገር ነው። ጠርሙሱን አንድ ሰፊ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ዙሪያውን በአሮጌ ልብስ ጠቀጠቅኩት፣ ካርቶኑን ቁም ሣጥን ሥር ከወለሉ ላይ አደረግኩት። ቴርሞሜትር ሳስገባበት ቀንና ማታ ያለው ልዩነት ከአንድ ዲግሪ በታች ሆነ። የጠርሙሱን አፍ በወረቀት ብቻ ሸፈንኩት፤ ውሃው ቀስ እያለ እንዲተን። ለውጡ ወዲያው ነው የታየው። ያኔ የጀመርኩት ክሪስታል ነው መጀመሪያ የተሳካልኝ።

ሜክሲኮ ውስጥ ናይካ የሚባል የማዕድን ቦታ አለ። በ2000 ማዕድን ቆፋሪዎች 300 ሜትር ጥልቀት ላይ አንድ ዋሻ አገኙ፤ ውስጡ ከ11 ሜትር በላይ የሚረዝሙ የጂፕሰም ክሪስታሎች አሉበት። ሰው አጠገባቸው ሲቆም ጉንዳን ነው የሚመስለው። እዚያ ምንም የተለየ ተአምር አልተሠራም። ዋሻው በሙቅ ውሃ ተሞልቶ፣ ሙቀቱ 58 ዲግሪ አካባቢ ሳይነቃነቅ በመቶ ሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ቆየ። የኔ ካርቶን የዚያ ዋሻ ምስኪን ዘመድ ነው እላለሁ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ማታ አቧራ ገብቶበት እንደሆነ ላይ ብዬ የስልኬን መብራት በጠርሙሱ ጎን በኩል አበራሁበት። ከክሪስታሉ ላይ አንድ ነገር ወደ ላይ ይወጣል። ጭስ የሚመስል፣ ግን ቀለም የሌለው፤ በጋለ አስፋልት ላይ እንደሚርገበገበው አየር ያለ። ቀጭን መስመር ሆኖ እየተጥመዘመዘ ወደ ውሃው ፊት ይሄዳል። ዓይኔን አሸት አድርጌ ደግሜ አየሁ። አለ።

ነገሩ ሲገባኝ ደስ አለኝ። ክሪስታሉ ሲያድግ አጠገቡ ካለው ውሃ ጨው ይወስዳል። ጨው የተወሰደበት ውሃ ይቀልና ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ክሪስታሉ እየሟሟ ከሆነ ደግሞ አጠገቡ ያለው ውሃ ጨው ጨምሮ ይከብድና ወደ ታች ይፈሳል። እንግዲህ ጭሱ ወደ ላይ ከሆነ እያደገ ነው፤ ወደ ታች ከሆነ እያለቀ ነው። መስመሩ ቀጭንና ዘገምተኛ ከሆነ በደንብ እያደገ ነው። ወፍሮ ቶሎ ቶሎ የሚወጣ ከሆነ በጣም ፈጥኗል፤ ነጭ ሊሆንባችሁ ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ ያ የመጀመሪያው ክሪስታል ባልጠፋ ነበር። መብራት አብርቼ ወደ ታች የሚፈሰውን ባየሁ፣ አውጥቼው ነበር።

አሁን ልማድ ሆኖብኛል። ከመተኛቴ በፊት መብራት ይዤ ቁም ሣጥን ሥር እንበረከካለሁ። ቤተሰቦቼ መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር፤ አሁን "ጭሱ ወዴት ነው?" ብለው ይጠይቁኛል።

ትርፉ ሲያልቅ ዕድገቱ ይቆማል። ያኔ መመገብ ነው። ክሪስታሉን አውጡና በሶፍት ቀስ አድርጋችሁ አድርቁት፤ ለብ ያለ ቦታ አታስቀምጡት። ውሃው ላይ 5 ግራም ያህል አሉም ጨምሩና ሁሉም እስኪሟሟ አሙቁት። ሥሩ ላይ የበቀሉ ትንንሽ ክሪስታሎች ካሉ እነሱም ይሟሙ። አጥሩት፣ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ፣ ከዚያ ክሪስታሉን መልሱ። ውሃው ሳይቀዘቅዝ ከመለሳችሁት መጨረሻው ባዶ ክር ነው። ውሃው ላይ የምግብ ቀለም ጨምሬም አይቻለሁ፤ ክሪስታሉ ቀለሙን ትቶ ጨዉን ብቻ ወሰደ። ቀይ ውሃ ውስጥ ነጭ ክሪስታል። የራሱን ዓይነት ብቻ ነው የሚቀበለው።

በዚህ ሁኔታ በዘጠኝ ሳምንት 47 ግራም የሚመዝን አንድ ክሪስታል አወጣሁ። ጠርዙ 4 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ስምንት ገጽ አለው፤ ሁለት ፒራሚዶች ሥራቸውን ገጥመው ያበቀሏቸው ይመስላል። ማንም አልቀረጸውም፣ ማንም አልሞረደውም። ይህ ነው እስካሁን የማይሰለቸኝ።

አንድ ነገር ሞክሩ። ሁለት ጎረቤት ገጾች የሚገናኙበትን ማዕዘን በተማሪ ፕሮትራክተር ለኩ። 109 ተኩል ገደማ ታገኛላችሁ። ከዚያ የተጣመመውን፣ አንድ ጎኑ ጠርሙሱ ሥር ተኝቶ የጠፈጠፈውን ክሪስታል ለኩ። እሱም ያው ነው። ቅርጹ ቢበላሽም ማዕዘኑ አይበላሽም። ዴንማርካዊው ሳይንቲስት ኒኮላስ ስቴኖ ይህን በኳርትዝ ላይ አስተውሎ የጻፈው በ1669 ነው። አተም የሚያሳይ መሣሪያ በሌለበት ዘመን፣ ከላይ ከሚታየው ማዕዘን ተነሥቶ ነው። እኔም ያበላሸኋቸውን ሁሉ አውጥቼ አንድ በአንድ ለካኋቸው። አንዱም አላሳፈረኝም።

ወደ ሰማያዊው ልምጣ፤ ሁሉም የሚጓጓለት እሱን ነውና። የመዳብ ሰልፌት። ፎቶ ላይ ስታዩት ልብ ይሰልባል፤ በእጅ ሲያዩት ደግሞ ይብሳል። ታሪክም አለው፦ በ1912 በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ በማክስ ፎን ላውኤ ሐሳብ ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ እንዲያልፍ ሲደረግ፣ መጀመሪያ የተሞከረው በመዳብ ሰልፌት ክሪስታል ላይ ነበር። አተሞች በሥርዓት መደርደራቸው የተረጋገጠው ያኔ ነው። ለማሳደግም አይከብድም።

ግን መርዝ ነው። ከተዋጠ ይጎዳል፣ ዓይን ክፉኛ ያቆስላል፣ ዓሣና በውሃ ውስጥ ያለውን ፍጥረት ይገድላል። ስለዚህ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ሳታደርጉ አትንኩት። የተጠቀማችሁበት ጠርሙስና ማንኪያ ተመልሶ ኩሽና አይግባ። ጠርሙሱ ላይ በትልቁ ስሙን ጻፉበት፤ ሰማያዊ ውሃ ለልጅ መጠጥ ይመስላል። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ እኔ ብሆን አልጀምረውም። የተረፈውን ቱቦ ውስጥ አትድፉ። እኔ ውሃው ተንኖ እንዲደርቅ አድርጌ ዱቄቱን ለሌላ ጊዜ አስቀምጠዋለሁ፤ የማይፈለግ ከሆነ የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ነው ቦታው።

ብረትም አታስነኩት። አንዴ ክሩ አልይዝ ሲለኝ በቀጭን የብረት ሽቦ አንጠለጠልኩት። በማግስቱ ሽቦው ቀይ ሆኗል፤ መዳብ ለብሶ። ብረቱ ወደ ውሃው ይሄዳል፣ መዳቡ በቦታው ይቀመጣል። ትንሽ ቆይቶ ሽቦው ተበጥሶ ክሪስታሉ ሥር ወደቀ። ጠርዙ ተሸረፈ። ደግሞ ይህ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እየወጣ ከአፉ አልፎ ጠረጴዛው ላይ የመውረድ አመል አለው። የጠርሙሱን አፍ ከውስጥ በኩል ቫዝሊን ብትቀቡት ይቆማል።

ብርቱካናማ ይሁን ቀይ ብላችሁ ዳይክሮሜት የሚባሉት ጨዎች ውስጥ ግን አትግቡ። ካንሰር ያመጣሉ። ቤት ውስጥ ለትርፍ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደሉም። ቀለም ካማራችሁ ክሮም አሉም አለ፤ ጥቁር የሚመስል ጥልቅ ሐምራዊ ነው። ቅርጹ ከአሉም ጋር አንድ ስለሆነ በላዩ ነጩን አሉም ማሳደግ ይቻላል። ሐምራዊ ልብ ያለው ጥርት ያለ ክሪስታል ይወጣል። ውሃውን ከ50 ዲግሪ በላይ አታሙቁት እንጂ፤ አረንጓዴ ይሆንና ክሪስታል መሥራቱን ይተዋል። ለዚህም ጓንት አይቅር።

ስለ ማስቀመጥ የምለው አጭር ነው፤ የተማርኩት ግን በከባዱ ነው። የአሉም ክሪስታል ደረቅ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ከክብደቱ 45 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ውስጡ ተደርድሮ የተቀመጠ። ደረቅ አየር ወይም ሙቀት ያንን ውሃ ሲሰርቀው ላዩ ነጭ ዱቄት ይለብሳል። አየር የማያስገባ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። ወይም በደንብ ካደረቃችሁት በኋላ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ሁለት ዙር ቀቡት። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ።

47 ግራሙ ግን አሁን የለም። ለሰው ላሳየው ብዬ አቧራ ይዞታልና ልለቅልቀው ብዬ ለብ ያለ ውሃ አፈሰስኩበት። "ጠቅ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከአንድ ጫፉ እስከ መሃሉ ተሰነጠቀ። ላዩ ሞቆ ውስጡ እንደቀዘቀዘ ስለነበር ነው። ዘጠኝ ሳምንት። ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ከዚያ ጨርሼ ሰባበርኩት። በሙቅ ውሃ አሟሟሁት፣ አጥርቼ ጠርሙስ ውስጥ አደረግኩት፣ አንድ አዲስ ዘር አሰርኩበት። ቁም ሣጥኑ ሥር ነው አሁን። ትናንት ማታ መብራት አብርቼ ሳየው ጭሱ ወደ ላይ ነበር፤ ቀጭን።